ሳይከፍቱ ማንበብ

ኬንያ ሞያሌ ውስጥ፣ ከድንበሩ ኬላ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሰው «ሳይበር» የሚላቸው ጠባብ ክፍሎች አሉ። ትራንዚተሩ ዲክላራሲዮኑን፣ ተማሪው የሥራ ማመልከቻውን፣ ነጋዴዋ የዋጋ ዝርዝሯን የሚያሳትሙት እዚያ ነው። አንዱ በቦረንኛ፣ ሌላው በስዋሂሊ ወይም በአማርኛ ያዛል፤ ፍላሽ ያልያዘ ግን የለም። አዲስ አበባ ላይ የተሞላ ፍላሽ በሐዋሳና በያቤሎ በኩል ስንት ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ እዚህ ይደርሳል። ከናይሮቢ በኢሲዮሎና በማርሳቢት የሚመጣውም ዕጣው ያው ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚሠራ ቴክኒሻን የሰው ፋይል ሲቀበል ማየት ደስ ይለኛል፤ ሙያው እጅግ የጠራ ነውና።

በብዛት የሚመጣው «ሾርትከት ቫይረስ» ነው። ደንበኛው ፍላሹን ሲከፍት ፎልደሮቹ እንዳሉ ያያቸዋል፤ ስማቸውም አልተለወጠም። የቴክኒሻኑ ዓይን የሚያርፈው ግን ሁለት ትንንሽ ቦታ ላይ ነው። አንደኛው የፎልደሩ ሥዕል ግራ ታችኛ ጥግ ነው፤ እዚያ አንዲት ቀስት ተለጥፋለች። ሁለተኛው ሳይዝ የሚነበብበት ዓምድ ነው። ለእውነተኛ ፎልደር ዊንዶውስ እዚያ ምንም አይጽፍም፤ እዚህ ግን 2 ኪሎባይት ይላል። ፕሮፐርቲስ ገብቶ «ታርጌት» የሚለውን መስመር ሲያነብ፣ የፎልደር አድራሻ ሊኖርበት የሚገባው ቦታ ላይ ሌላ ፕሮግራም እንዲነሳ የሚያዝ ትእዛዝ ያገኛል። እውነተኛዎቹ ፎልደሮች እዚያው ፍላሽ ላይ ናቸው፤ ተደብቀዋል እንጂ አልጠፉም። ይህን የማያውቅ ሰው ፍላሹን ፎርማት አድርጎ የሰውን የዓመት ሥራ ያጠፋል።

ይህ የየዕለቱ ሥራ ነው። ሙያው በደንብ የታየኝ ግን አንዲት ነጋዴ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ይዘው በመጡ ጊዜ ነው። ፕሮግራሙን ላፕቶፓቸው ላይ እንዲጭንላቸው ፈልገው ነበር።

«እትዬ፣ ማን ሰጠዎት?» አላቸው ቴክኒሻኑ።

«የወንድሜ ልጅ ከሻሸመኔ ልኮልኝ ነው። አይሠራም እንዴ ልጄ?»

«መሥራቱንማ ይሠራል። ሌላ ምን እንደሚሠራ ልይልዎት።»

ፍላሹን የሰካው ሊኑክስ የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነበር። ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም እዚያ ላይ በስሕተት ቢነካ እንኳ አይነሳም። ከዚያ ፋይሉን እንደ ፕሮግራም ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ከፈተው። ስክሪኑ በቁጥርና በተዘበራረቀ ፊደል ሲሞላ እሱ ያየው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፊደላት ብቻ ነው፤ «ኤም» እና «ዜድ»። አብዛኛው የፋይል ዓይነት መነሻው ላይ የማንነት ምልክት አለው። ፒዲኤፍ በፐርሰንት ምልክትና በራሱ ስም ይጀምራል። ዚፕ ፋይልና የዛሬው የወርድ ዶክመንት በ«ፒ» እና በ«ኬ» ይጀምራሉ፤ ዚፕን የፈጠረው የፊል ካትዝ ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። «ኤም» እና «ዜድ» ደግሞ በዶስ ዘመን ማይክሮሶፍት ውስጥ የሠራው የማርክ ዝቢኮቭስኪ ናቸው፤ እስከ ዛሬ የዊንዶውስ ፕሮግራም ሁሉ ግንባር ላይ ተጽፈው አሉ። የፋይልን ስም ማንም ይለውጣል፤ ሥዕሉንም የፎቶ ወይም የፒዲኤፍ ማስመሰል ከባድ አይደለም። እነዚያን ሁለት ፊደላት የለወጠ አጭበርባሪ ግን የገዛ ፕሮግራሙ አይነሳለትም። ቴክኒሻኑ የጀመረው ውሸት ከማይቻልበት ቦታ ነው።

ቀጥሎ የፋይሉን ሃሽ አወጣ። ኤስኤችኤ 256 የሚባለው ስሌት ፋይሉ የፈለገውን ያህል ቢገዝፍ ወደ 64 ቁምፊ ያጥፈዋል፤ ፋይሉ ውስጥ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ 64ቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ይለዋወጣሉ። ይህን ቁጥር ነው ቫይረስቶታል ላይ የፈለገው። ቫይረስቶታል በ2004 ማላጋ፣ ስፔን ውስጥ የተጀመረ፣ በ2012 ጉግል የገዛው አገልግሎት ሲሆን አንድን ፋይል በአሥሮች በሚቆጠሩ አንቲቫይረሶች ያስፈትሻል። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ ከኬላው በዚህ በኩል ያለው የቀን መቁጠሪያ እሱ ነው።) ልብ ያልኩት ፋይሉን አለመስቀሉን ነው። እዚያ የተሰቀለ ፋይል የአገልግሎቱ ደንበኞች እጅ ይገባል። የነጋዴዋ ውል ወይም የባንክ ደብዳቤ ቢሆን ኖሮ ምስጢራቸውን በገዛ እጁ በበተነው ነበር። ቁጥሩ ግን ከ64 ቁምፊ በቀር ምንም አይገልጥም።

ውጤቱ ሲመጣ ጥቂቶቹ «አደገኛ» ብለዋል፤ የሚበዙት ዝም ብለዋል። ልምድ የሌለው ሰው እዚህ ላይ ድምፅ ይቆጥራል። እሱ ግን ያነበበው የሰጡትን ስም ነው። «ጄነሪክ» ወይም «ሰስፒሸስ» የሚል ስም የአንቲቫይረሱ ጥርጣሬ ብቻ ነው። የታወቀ የቫይረስ ዘር ስም በሁለት ሦስት የተለያዩ አንቲቫይረሶች ከተጠራ ግን ክብደቱ ሌላ ነው። እዚያ ፋይል ላይ የተሰጡት ሁሉ የጥርጣሬ ስሞች ነበሩ።

የአማርኛ መጻፊያ ደግሞ በባሕርዩ የሚያስጠረጥር ፕሮግራም ነው፤ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ፊደላችን ከላቲን ቁልፎች ቁጥር እጅግ ስለሚበልጥ መጻፊያው እያንዳንዱን የቁልፍ ምት መንገድ ላይ ጠብቆ ይይዛል፤ ሁለት ሦስቱን አጣምሮም አንድ ፊደል አድርጎ ይመልሳል። የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራምም የሚጠብቀው ያንኑ የቁልፍ ምት ነው። ደጃፉ ላይ ሁለቱ አይለዩም። የሚለያቸው የያዙትን ምት የት እንደሚያደርሱት ነው። አንዱ ፊደል ሠርቶ ይረሳዋል፤ ሌላው ይጽፈዋል፣ ያከማቸዋል፣ ይልከዋል። ስለዚህ ቴክኒሻኑ ፕሮግራሙን ጥፋተኛ ነው ለማለት አልቸኮለም፤ ንጹሕ ነውም አላለም።

በመጨረሻ አስነሳው፤ ግን ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ነው። ይህ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ የማስመሰያ ኮምፒውተር ነው፤ ከውጭ ጋር የሚያገናኘው ኔትወርክ ተቆርጧል፤ ከሙከራው በፊት የነበረው ሁኔታም ስለተቀመጠ በአንድ ክሊክ ወደነበረበት ይመለሳል። መጻፊያው በሥርዓቱ ተጫነ። «ሰላም» ብሎ ጻፈበት፤ ፊደሎቹ ጥርት ብለው መጡ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ይኸው ይሠራል» ብሎ ይነሳል። እሱ ግን በዚያች ቅጽበት ኮምፒውተሩ ላይ የተነሱትን ፕሮግራሞች ዝርዝር እያነበበ ነበር። «ኤስቪሲሆስት» የሚል ስም ላይ ጣቱን አሳረፈ። ይህ የዊንዶውስ የራሱ ስም ነው፤ በየትኛውም የዊንዶውስ ኮምፒውተር ላይ ደርዘን ሆኖ ይታያል። ቦታው ግን ዊንዶውስ ውስጥ ሲስተም 32 የሚባለው ፎልደር ነው። ይኼኛው የተነሳው ከተጠቃሚው «አፕዳታ» ሥር ነበር። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር አብሮ እንዲነሳም ሬጂስትሪው ላይ ራሱን አስመዝግቧል። ኔትወርኩ እንደተቆረጠ ሳያውቅም ወደ ውጭ ለመደወል ይሞክራል።

«እትዬ፣ ፕሮግራሙ ደህና ነው» አላቸው። «የጠቀለለው ሰው ግን ሌላ ነገር ጨምሮበታል። ከሠሪው ከራሱ አውርጄ እጭንልዎታለሁ።»

ፕሮግራሙን ከጥቅሉ መለየቱን ልብ በሉ። «ቫይረስ ነው» ብሎ ቢጥለው የሠሪውን ስም ያለ ጥፋቱ ባጎደፈ ነበር። የወንድማቸውን ልጅም አልወነጀለም፤ ልጁ የላከው ያገኘውን ነው። ያየውን ያህል ተናገረ፣ እዚያ ላይ አቆመ።

ይህን ሳይ የምትታወሰኝ ማርያ ቴሬዛ ብር ናት። ነጋዴዎቻችን 1780 የሚል ዓመት የታተመባትን ያችን ጠገራ ሲቀበሉ የንግሥቲቱን የራስ ጌጥና የትከሻ ጌጥ ዕንቁዎች አንድ በአንድ ይመለከቱ ነበር፤ ከታች ያሉትን ሁለት ጥቃቅን ፊደላትም ይፈልጋሉ። አስመሳዩ የሚሰንፈው እዚያ፣ ዓይን በማይደርስበት ጥግ ላይ መሆኑን ያውቁታል።

ጉዳዩ የነጋዴ ላፕቶፕ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍኩ ነበር። መጋቢት 2018 በኢትዮጵያ በኩል ባለችው ሞያሌ ወታደሮች ሰላማዊ ሰዎችን ገድለው በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወደዚህኛው ሞያሌ ሲሸሽ፣ ሰው ስለ ቤቱና ስለ ዘመዱ የሚሰማው በስልኩ በሚመጣ ድምፅ፣ ፎቶና ቪዲዮ ነበር። እንዲህ ባለ ሰዓት የመጣን ነገር ሳይከፍቱ መቆየት ከባድ ነው። በእኛ ላይ የተላኩት ሰላይ ፋይሎችም የተሠሩት ያንን ጉጉት ተማምነው ነው።

ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ያለው ሲትዝን ላብ መጋቢት 2013 ያወጣው ሪፖርት ይህንኑ ያሳያል። መርማሪዎቹ እጅ የገባው ፋይል ሲከፈት የተቃዋሚውን ድርጅት የግንቦት 7 አባላትን ፎቶ ያሳያል። ፎቶው እየታየ ሳለ ከኋላው ፊንስፓይ የሚባል ሰላይ ይጫናል። ፊንስፓይ ለመንግሥታት ብቻ ይሸጣል የሚባል ዕቃ ነበር። ይኼኛው የሚያወራው ኢትዮ ቴሌኮም ኔትወርክ ውስጥ ካለ ሰርቨር ጋር ነበር።

ያንን ሰርቨር ለይቶ ለማወቅ የተሄደበት መንገድ ግሩም ነው። ዓመት ሳይሞላ በፊት፣ ሐምሌ 2012፣ ሞርጋን ማርኪ ቧር እና ቢል ማርዛክ የተባሉ መርማሪዎች ለባሕሬን ተሟጋቾች የተላኩ ፋይሎችን ፈትሸው ነበር። የአንዱ ስም በፎቶ ፋይል ማብቂያ ያልቃል፤ ፋይሉ ግን ፕሮግራም ነው። ዩኒኮድ ውስጥ «ከዚህ ወዲያ ያለውን ከቀኝ ወደ ግራ አሳይ» የሚል የማይታይ ምልክት አለ፤ ለዓረብኛና ለዕብራይስጥ ተጠቃሚዎች የተቀመጠ ነው። ላኪው ያንን ምልክት ስሙ መነሻ ላይ ሰክቶ ቀሪውን ገልብጦ ጽፎታል፤ ስለዚህ ኮምፒውተሩ መጨረሻ የሚያየው የፕሮግራም ማብቂያ ለሰው ዓይን መጀመሪያ ላይ ይታያል። መርማሪዎቹ ፋይሉን በተከለለ ማሽን አስነስተው የማሽኑን ሜሞሪ ሲያነቡ፣ ፕሮግራሙን የጻፉት ሰዎች ሳያጠፉት የተረሳ የፎልደር አድራሻ አገኙ፤ «ፊንስፓይ» የሚለው ስም ከነሥሪት ቁጥሩ እዚያ ውስጥ ተጽፏል።

ቀጥሎ ራፒድ7 የሚባለው ኩባንያ ተመራማሪ የሆነው ክላውዲዮ ጓርኒየሪ ፋይሎቹ የሚደውሉበትን የባሕሬኑን ሰርቨር በር አንኳኳ። ሰርቨሩ ላልተጠበቀ ጥያቄ የሚመልሰው እንግዳ ነገር ነበር፤ በጀርመንኛ «ሃሎ ሽቴፊ»። ማን እንደሆነች የማትታወቅ ሽቴፊን ሰላም የሚል ሌላ ሰርቨር ዓለም ላይ ብዙ ሊኖር አይችልም። ጓርኒየሪ ኢንተርኔቱን በዚያች ሰላምታ ፈተሸው፤ ከአሥር አገሮች መልስ መጣ፤ አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ሰላምታዋ ከዚያ በኋላ ከሰርቨሮቹ ላይ ተሰረዘች። የሲትዝን ላብ ሰዎች ግን አዲስ መለያ ፈልገው የ2013ቱን ሪፖርት ሲያወጡ ሰርቨሮቹን በ25 አገሮች አገኟቸው።

ሪፖርቱ የታተመው መጋቢት 13 ነው። ከአምስት ቀን በኋላ፣ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ በሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተር ላይ የነበረው ፊንስፓይ ራሱን ሊያጠፋ ሞከረ። ሰውዬው በፍርድ ቤት «ኪዳኔ» በሚል ስም ብቻ የታወቀ ነው። ሰላዩ በኢሜይል በደረሰው የወርድ ዶክመንት ገብቶ ከጥቅምት 2012 ጀምሮ የስካይፕ ጥሪዎቹን ሲቀዳ ቆይቷል። ቤተሰቡ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልገውንም መዝግቧል፤ የልጁ የትምህርት ቤት ሥራ ሳይቀር። መጥፋቱ ግን የተሟላ አልነበረም፤ ራሱ የጻፋቸው መዝገቦች ቀርተውበታል። መርማሪዎቹ መቼ እንደገባና ምን እንደቀዳ ያወቁት ከነዚያ ትራፊዎች ነው። ለንደን ውስጥ ደግሞ የግንቦት 7 አመራር አባል የነበሩት ታደሰ ከርስሞ ኮምፒውተራቸውን ለምርመራ ሰጥተው የዚያው ሰላይ አሻራ ተገኝቶበታል።

ኪዳኔ በኢትዮጵያ መንግሥት ላይ የመሠረተው ክስ መጋቢት 2017 ዋሽንግተን በሚገኘው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ተዘጋ። ዳኞቹ የውጭ መንግሥት በዚህ ጉዳይ አሜሪካ ውስጥ አይከሰስም አሉ፤ ፋይሉ ውስጥ ምን ነበር የሚለው ክርክር ላይ ጭራሽ አልተደረሰም። ይህ ውሳኔ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሲትዝን ላብ ሳይበርቢት የተባለውን የእስራኤል ኩባንያ ዕቃ አጋለጠ። ጃዋር መሐመድና ሌሎች ኦሮሞ ተሟጋቾች የቪዲዮ ሊንክ በኢሜይል ይደርሳቸው ነበር፤ ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽ አድሱ ይላል። ማደሻው ሰላይ ነው። እዚህ ላይ መርማሪዎቹን የረዳቸው የአጥቂዎቹ ዝርክርክነት ነበር፤ ሰርቨሩ ማን መቼ ከየት እንደደወለለት የሚጽፍበት መዝገብ ለማንም ክፍት ሆኖ ቀርቷል። ከአንድ ዓመት በላይ ዝም ብለው አነበቡት። በ20 አገሮች ያሉ የተጠቁ ኮምፒውተሮችን አዩበት፤ ሰላዩን የሚያንቀሳቅሱት ሰዎች ኢትዮጵያ ውስጥ መሆናቸውንም ከዚያው ለዩ። ትዕግሥታቸው ያስቀናል።

ከሁሉም አብልጬ የማደንቀው ግን የኢሳት ቴሌቪዥን ጉዳይ ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን 2013 በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ የኢሳት ባልደረቦች ሦስት ጊዜ ሊጠቁ ተሞክሯል። በሚታወቅ የቀድሞ ተባባሪ ስም በስካይፕ የመጣ ሰው ለጣቢያው ጽሑፍ አለኝ ብሎ ፋይል ላከ። ቤልጂየም የነበረው ባልደረባ ጽሑፍ የተባለው ነገር ፕሮግራም መሆኑን አስተውሎ ጠረጠረ። ላኪው ወዲያው ወርድ ዶክመንት አስከተለ፤ ያኛው ደግሞ የወርድን የራሱን ቀዳዳ ተጠቅሞ የሚገባ ነበር። ጋዜጠኛው ከማንኛውም መርማሪ በፊት የመጀመሪያውን ምርመራ ራሱ ሠርቷል፤ ያየውም የፋይሉን ስም ማብቂያ ነው።

ፋይሎቹ ሲትዝን ላብ ሲደርሱ ቢል ማርዛክና ባልደረቦቹ የሚደውሉበትን ሰርቨር ተከተሉ። ሰርቨሩ መታወቂያ ሆኖ የሚያገለግለውን የደኅንነት ሰርተፊኬት ሲጠየቅ ያሳየው «አርሲኤስ» እና «ኤችቲ ኤስአርኤል» የሚል ስም ነበረበት። አርሲኤስ ሚላን የነበረው ሃኪንግ ቲም የተባለ ኩባንያ ለመንግሥታት ይሸጠው የነበረ የስለላ ዕቃ ነው። የካቲት 2014 የወጣው ሪፖርት አጻጻፍ እንዴት ያለ ጥንቁቅ ነው! ይህ ፋይል ይህን ያደርጋል፣ ከዚህ ሰርቨር ጋር ያወራል፣ ሰርቨሩ የዚህን ኩባንያ ስም ይዟል ይላል። ከዚያ ወዲያ «ይመስላል» የሚለው ቃል ይገባል፤ የሚገባውም መግባት ባለበት ቦታ ብቻ ነው። የፋይሎቹ ሃሽም አብሮ ታትሟል፤ የተጠራጠረ ሁሉ ራሱ እንዲያየው።

ኩባንያው ደንበኞቼ እነማን እንደሆኑ አልናገርም አለ። ሐምሌ 2015 ግን ያልታወቀ ሰው ራሱን ሃኪንግ ቲምን ሰብሮ 400 ጊጋባይት የሚያህል የውስጥ ሰነዱን በተነው። ደረሰኞቹ ውስጥ የኢትዮጵያ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ፣ ኢንሳ፣ ከነስሙ ደንበኛ ሆኖ ተገኘ። የኩባንያው ሠራተኞች ስለ ሲትዝን ላብ ሪፖርቶች የተጻጻፉትም አብሮ ወጣ። በዚያ ደብዳቤያቸው ያማረሩት ኢትዮጵያ ያለው ደንበኛ ዕቃውን በዝርክርክነት እየተጠቀመ እንዳስያዛቸው ነበር።